የጣሪያ ቬንትሌተር በነበረው ማብሪያ ማጥፊያ እንዲሠራ አድርጎ መግጠም

ድሬዳዋ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ሌሊቱም አይበርድም። አንዳንዱ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ያድራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ገበያ ወርዶ የጣሪያ ቬንትሌተር ይገዛል። ካርቶኑ ቤት ከገባ በኋላ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ለአምፖሉ የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አለን፣ ግድግዳ ሳይቆፈር በእሱ ይሠራልን?» አዎ፣ ይሠራል። ሁለት ሽቦ ማገናኘት ማንም በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ሰው የሚጎዳው በሌሎች ሁለት ነገሮች ነው፤ ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን፣ ሲነካ የሚነዝረውን ሽቦ) ይሁን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ሳይጣራ ሲቀርና ቬንትሌተሩ የማይችለው ነገር ላይ ሲሰቀል። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ከማብሪያው ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

አብዛኛው ቤታችን ውስጥ የመብራት መስመር የሚዘረጋው እንዲህ ነው። ከብሬከሩ የተነሱት ፌዝና ኒውትራል ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ወዳለው ጃንክሽን ቦክስ (ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን) ይገባሉ። ኒውትራሉ ከዚያ ቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ፌዙ ግን መጀመሪያ ወደ ማብሪያው ይወርዳል፤ በማብሪያው አልፎ ተመልሶ ይወጣና አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የማብሪያውን ክዳን ስትከፍቱ የምታገኙት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ ሁለቱም የፌዝ ናቸው። አንዱ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው፣ ሌላው ማብሪያው ሲበራ ብቻ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንዱን ቀይ ሌላውን ጥቁር ሲያይ ፌዝና ኒውትራል ይመስሉታል፣ ቬንትሌተሩን ከማብሪያው ሳጥን ውስጥ ሊያስነሳ ይሞክራል። እዚያ ኒውትራል የለም። ኒውትራሉ ያለው ላይ፣ አምፖሉ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ከአምፖሉ ማቀፊያ ጋር የታሰሩት ሁለት ሽቦዎች ማለትም ከማብሪያው የተመለሰው ፌዝና ኒውትራሉ ለቬንትሌተሩም ይበቁታል።

ሽቦው ይችለው ይሆን ብላችሁ አትስጉ። ክንፉ ከዳር እስከ ዳር 1200 ወይም 1400 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ ቬንትሌተር የሚፈልገው ከ70 እስከ 80 ዋት ነው። በእኛ 220 ቮልት ሲሰላ የአንድ አምፔር ሲሶ ገደማ ይሆናል። ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር ይህን ያለ ችግር ይሸከማል።

አምፖሉስ የት ይሂድ?

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህ መወሰን አለበት። አምፖሉንና ቬንትሌተሩን በአንድ ማብሪያ አብሮ ማሠራት ይቻላል፤ ኒውትራል ከኒውትራል፣ ፌዝ ከፌዝ ታስሮ ያልቃል። እኔ ግን ለመኝታ ቤት አልመክረውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲያስቸግር ቬንትሌተሩን ለማብራት መብራቱንም አብሮ ማብራት ግድ ይሆናል፣ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ይህ ማለት ልጁን መቀስቀስ ነው። በዚያ ላይ አምፖሉ ከክንፎቹ በላይ ከቀረ ጥላቸው ግድግዳው ላይ እየተሽከረከረ ዓይን ያደክማል።

የሚሻለው የድሮውን መስመር ለቬንትሌተሩ ብቻ መተውና መብራቱን ግድግዳ ላይ ማውጣት ነው። ሽቦው በኮንዲዩት ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከማብሪያው ሳጥን በጃንክሽን ቦክሱ አልፎ እስከ ጣሪያው የሚደርስ አንድ ተጨማሪ ባለ 1.5 ሽቦ መሳብ ይበቃል። ነጠላውን ማብሪያ በባለ ሁለት ቀይራችሁ አንደኛው ለአምፖል፣ ሁለተኛው ለቬንትሌተር ይሆናል። ኒውትራሉን ሁለቱም ይጋሩታል። አዲሱን ሽቦ ስትስቡ አንድ ሰው ከታች ይግፋ፣ ሌላው ከላይ ይሳብ፤ በኃይል የተጎተተ ሽቦ ላስቲኩ ቱቦው ውስጥ ይላጥና ከወራት በኋላ ኮንታክት ይፈጥራል።

መብራት ጠፍቷል ማለት ተቆርጧል ማለት አይደለም

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ካቻቢቴ፣ እጀታው በላስቲክ የተሸፈነ ፒንሳ፣ ቴስተር (ፌዝ ሲነካ ውስጡ የሚበራ ካቻቢቴ)፣ ቢቻል መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ)፣ ትራፓኖ፣ ናስትሮ፣ ባለ ብሎን ኮኔክተርና የማይነቃነቅ የእንጨት መሰላል። የብረት መሰላል ለዚህ ሥራ አይሁን።

መብራት በሄደበት ሰዓት «አሁን ይመቻል» ብሎ መሰላል ላይ መውጣት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ የሚመጣው ደግሞ የተላጠ ሽቦ በእጃችሁ እንደያዛችሁ ሊሆን ይችላል። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ብሬከሩን ራሳችሁ አውርዱት። አንድ ቆጣሪ ለሦስትና ለአራት ቤት በሚያገለግልበት ግቢ ብሬከሩ አከራይ ቤት ስለሚሆን የጠፋበት ሰው ሄዶ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ለግቢው ሰው ሁሉ ንገሩ፣ ብሬከሩ ላይ ናስትሮ ለጥፉበት፣ ከተቻለም አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ካለ እሱም ይጥፋ።

ብሬከሩ ከወረደ በኋላም ሽቦውን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት በቴስተር ፈትሹ። ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የምትሠሩበትን ሽቦ፣ ከዚያ እንደገና ሶኬቱን። ለዚህ ሌላ ብሬከር ያለው ሶኬት ያስፈልጋል፤ ቤቱ በአንድ ብሬከር ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን ሙከራ ብሬከሩን ከማውረዳችሁ በፊት፣ የመጨረሻውን ጎረቤት ቤት አድርጉት። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ሙከራ የበራ ቴስተር መሀል ላይ ካልበራ ሽቦው ባዶ ነው፣ ኤሌክትሪክ የለውም።

ማብሪያው የሚቆርጠው የትኛውን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ቤት አምፖል አንስቼ ቬንትሌተር ልተካ ሄጄ ነበር። ማብሪያውን ወደ ታች አድርጌ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ብሬከሩ ከግቢው ማዶ ስለነበር አላወረድኩትም። የአምፖሉን ማቀፊያ ስፈታ ጣቴ ከናስ ብሎኑ ጋር ተነካካና ነዘረኝ፣ ካቻቢቴው ከእጄ ወድቆ የቡና ረከቦቱ ላይ አረፈ። እሳቸውም ደንግጠው፣ «ውይ ልጄ! አጥፍተኸው አልነበር እንዴ?» አሉኝ። አጥፍቼዋለሁ። ማብሪያው ግን የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነበር። አምፖሉ ይጠፋል፣ ፌዙ ግን ሌት ተቀን ጣሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መስመሩን የዘረጋው ሰው ቀይ ሽቦ አልቆበት ይሁን ቸኩሎ፣ ጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ ሁለቱን አቀያይሯቸዋል።

ያን ቀን ከመሰላሉ ወርጄ፣ ብሬከሩን አውርጄ፣ ከጃንክሽን ቦክሱ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ የሽቦ ቀለም አይቼ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። በድሮው አሠራር ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነው፤ በአዲሱ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ደግሞ ግራውንድ ነው። ቤቱ ውስጥ የምታገኙት ግን ሠራተኛው የዚያን ቀን በእጁ የነበረውን ቀለም ነው።

የማጣራቱ ዘዴ ቀላል ነው። ብሬከሩን አውርዳችሁ አምፖሉን አውጡ፣ የማቀፊያውን ክዳን ፈትታችሁ ሁለቱ ሽቦዎች የታሰሩባቸው ብሎኖች እንዲታዩ አድርጉ፣ ከዚያ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ብሬከሩን መልሱ። አሁን ሁለቱን ብሎኖች በየተራ በቴስተር ጫፍ ብቻ ንኩ፤ ሌላው እጃችሁ ምንም አይያዝ። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ አንዱ ላይ ቴስተሩ ደመቅ ብሎ ከበራ ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው። ሁለቱም ላይ ካልበራ፣ ማብሪያውን ስታበሩ ደግሞ አንዱ ላይ ብቻ ከበራ መስመሩ ትክክል ነው፤ የበራበት ፌዙ ነውና ብሬከሩን መልሳችሁ አውርዱና ናስትሮ ጠምጥማችሁ ምልክት አድርጉበት። አንዳንዴ ባዶው ሽቦ ላይ ቴስተሩ ፍዝዝ ብሎ ሊበራ ይችላል፤ ይህ አብሮት ቱቦው ውስጥ ከሚሄደው ፌዝ የተላለፈ ነው። የሚያጠራጥር ከሆነ በመልቲሜትር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኩ፤ ማብሪያው ሲበራ 220 አካባቢ፣ ሲጠፋ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። መልቲሜትር ብቻውን ግን የተቀያየረ መስመር አይለይም፣ በዚያም ላይ ይህንኑ ቁጥር ያሳያል። ፌዙን የሚለየው ቴስተሩ ነው።

ተቀያይሮ ካገኛችሁት ብሬከሩን አውርዳችሁ ጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ አስተካክሉት፤ ወደ ማብሪያው የሚወርደው ሽቦ ከፌዙ ጋር፣ ወደ ጣሪያው ቀጥታ የሚሄደው ከኒውትራሉ ጋር ይታሰር። ቦክሱን ስትከፍቱ ላስቲኩ የተሰነጣጠቀ፣ የጠቆረ ወይም ስትነኩት የሚረግፍ ሽቦ ካያችሁ ግን ሥራውን አቁሙና ባለሙያ ጥሩ። ያ መስመር ከቬንትሌተሩ በፊት ራሱ መቀየር አለበት።

መንጠቆው

አንድ ቬንትሌተር ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ቆሞ ሳለ ትንሽ ነው። ሲዞር ግን መንጠቆውን ሌሊቱን ሙሉ ይወዘውዘዋል፣ ደካማ ብሎን ደግሞ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። ስለዚህ አምፖል የተሰቀለበት የጣሪያ ሳጥን ወይም የአምፖል ማቀፊያ ብሎን ቬንትሌተር አይሰቀልበትም።

ጣሪያችሁ ሶሌታ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ሲሞላ ከፌሮው ጋር የታሰረ መንጠቆ ቀርቶ ከሆነ አለመዛጉን አይታችሁ ተጠቀሙበት። ከሌለ በትራፓኖ በስታችሁ ኤክስፓንሽን ብሎን ያለው መንጠቆ ግጠሙ፤ የፕላስቲክ ፊሸር ለዚህ አይሆንም። ትራፓኖው ከመግባቱ በፊት በሶሌታው ውስጥ የሚያልፈው የሽቦ ቱቦ በየት በኩል እንደሚመጣ ገምቱ፣ ከአምፖሉ ቀዳዳም በቂ ርቀት ያዙ።

ቆርቆሮ ቤት ከሆነና ከታች የችፑድ ወይም የጂፕሰም ኮርኒስ ካለ ነገሩ ይለያል። ኮርኒሱ ራሱን እንጂ ሌላ ነገር አይሸከምም። ኮርኒሱን የያዙት ቀጫጭን እንጨቶችም አይበቁም። ከኮርኒሱ በላይ ወጥታችሁ በሁለት ጠንካራ የጣሪያ እንጨቶች ላይ የሚያርፍ ሞራሌ አጋድሙ፣ በምስማር ብቻ ሳይሆን በብሎን እሰሩት፣ መንጠቆው ሞራሌውን ከላይ እስከ ታች አልፎ በሮንዴላና በዳዶ ይጠበቅ። እንጨቱ ምስጥ እንዳልበላው በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ እዩ። ጫፉ ያለ ኃይል ከገባ ያ እንጨት አይሆንም።

መንጠቆው ከተገጠመ በኋላ እኔ የማደርገው ይህን ነው። 25 ኪሎ የሩዝ ከረጢት በጠንካራ ገመድ አንጠለጥልበትና በቀስታ አወዛውዘዋለሁ፤ ከዚያ እንደተንጠለጠለ ያድራል፣ ከሥሩም ማንም አይተኛም። ጠዋት መንጠቆው ከተገጠመበት ካልወረደ፣ በዙሪያው ሲሚንቶው ካልተሰነጠቀ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አከራዩ አንድ ቀን ተጨማሪ መጠበቁን ላይወደው ይችላል፤ ከሥሩ የሚተኙትን ልጆች እያሰብኩ በዚህ አልደራደርም።

ከፍታውንም አስቡ። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2.3 ሜትር፣ ከጣሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከግድግዳ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቁ። ለጣሪያው በጣም ከቀረበ ከላይ የሚስበው አየር አያገኝም፣ ይዞራል እንጂ አያበርድም። ተደራራቢ የልጆች አልጋ ያለበት ክፍል ከሆነ ልኬቱ የሚጀምረው ከወለሉ ሳይሆን ከላይኛው ፍራሽ ላይ እጁን ከዘረጋ ልጅ ነው። ካልበቃ አልጋው ቦታ ይቀይር።

መገጣጠምና ማገናኘት

መሬት ላይ ሳላችሁ ከሞተሩ የሚወጡትን ሽቦዎች በዘንጉ ውስጥ አሳልፉ። ሁለቱን የፕላስቲክ ቆቦች አሁኑኑ ዘንጉ ላይ አስገቡ፤ የላይኛው አፉ ወደ ጣሪያ፣ የታችኛው አፉ ወደ ሞተሩ ይሁን። ይህን የረሳ ሰው ሁሉን ፈትቶ ከመጀመር ሌላ አማራጭ የለውም። ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚይዘው ብሎን ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ጫፉ ላይ ባለ ሁለት እግር ፒን አለው፤ አስገብታችሁ እግሮቹን ወደ ግራና ቀኝ እጠፏቸው። ዳዶ በንዝረት ይላላል፣ እንዳይወልቅ የሚይዘው ይህ ፒን ነው። ከላይኛው በኩል መንጠቆው ላይ የሚያርፈው የጎማ መዘውርም የራሱ ብሎንና ፒን አለው፣ እሱንም እንደዚያው አድርጉ። ክንፎቹን ከሰቀላችሁት በኋላ ግጠሙ።

ብሬከሩ መውረዱን በቴስተር ደግማችሁ አረጋግጡ። አንድ ሰው ሞተሩን ከሥር ይደግፍ፣ እናንተ መንጠቆው ላይ አስቀምጡት። ከዘንጉ ራስ አጠገብ ትንሽ ኮኔክተር አለ። ምልክት ያደረጋችሁበት ከማብሪያው የሚመጣው ፌዝ አንደኛው ላይ፣ ኒውትራሉ ሁለተኛው ላይ ይታሰር። የሽቦውን ላስቲክ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ላጡ፤ ካሰራችሁ በኋላ ከኮኔክተሩ ውጭ የሚታይ መዳብ አይኑር፣ ሳብ ስታደርጉትም አይውጣ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ አይበጅም፤ ሙጫው በሙቀት ይለቃል። ግራውንድ ያለው ቤት ከሆነ ቢጫና አረንጓዴው ከቬንትሌተሩ ብረት ጋር ይታሰር። ከሌለ ግራውንዱን በኒውትራል አትተኩት፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢላላ የቬንትሌተሩ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

ሽቦው ሲወዛወዝ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ብሎ ይቅር። ቆቡን ወደ ላይ ስትገፉ ሽቦ በጠርዙ እንዳይቆነጠጥ በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። ብሬከር ሲመለስ ወዲያው የሚወድቅባቸው ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ችግር ይህ ነው።

ሬጉሌተሩ

አሁን ወደ ማብሪያው ተመለሱ። ሬጉሌተር ማለትም የቬንትሌተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ኒውትራል አይፈልግም፤ ከማብሪያው ቀጥሎ ፌዙ ላይ ይገባል። ከማብሪያው ወደ ጣሪያ የሚወጣውን ሽቦ ፈትታችሁ ከሬጉሌተሩ አንደኛው ጫፍ ጋር እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ በአጭር ሽቦ ያ ሽቦ ከተፈታበት የማብሪያው ብሎን ጋር አገናኙ። አምፖልና ቬንትሌተር በአንድ ማብሪያ ከሆኑ ግን ሬጉሌተር አትግጠሙ፣ አምፖሉንም ይነካዋል።

ከሱቅ ስትገዙ የአምፖል ዲመር (ብርሃን ማደብዘዣ) አትቀበሉ። በቅርጽ ይመሳሰላሉ፣ ቬንትሌተሩን ግን ያስጮኸዋል፣ ሞተሩንም ያግለዋል። በደረጃ የሚሠራ፣ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል የቬንትሌተር ሬጉሌተር ጠይቁ። በሪሞት የሚሠራውና 30 ዋት አካባቢ የሚፈልገው አዲሱ ዓይነት ቬንትሌተር ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቆጣጠር ሬጉሌተር አይገባበትም፤ ከማብሪያው ቀጥታ ይገናኛል።

ሲበራ

ክንፎቹን ግጠሙ፣ መሰላሉን ከሥሩ አንሱ፣ ሰው ይራቅ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሱና በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሱት። ከታች ሆናችሁ ስታዩት ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ መዞርና አየሩን ወደ እናንተ መግፋት አለበት። በተቃራኒው ከዞረ ከካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት ከሚረዳው ትንሽ ዕቃ) ጋር የተያያዙት የሞተሩ ሽቦዎች ተቀያይረዋል፤ አጥፍታችሁ በካርቶኑ ውስጥ ካለው ሥዕል ጋር አስተያዩ። ፌዝና ኒውትራልን መቀያየር አቅጣጫውን አይለውጠውም።

ከተወዛወዘ አጥፍታችሁ ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ጣሪያው ያለውን ርቀት በአንድ ዱላ ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ የዚያን ክንፍ ብሎኖች አላልቶ እንደገና ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሁም እያለ ካልተነሳ፣ ወይም በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካፓሲተሩ ደክሟል። ብዙዎቹ ላይ የምታገኙት 2.5 ማይክሮ ፋራድ ነው፤ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ያንኑ ግዙ፣ ቮልቱም ከተጻፈው አይነስ። ለመቀየር ብሬከሩን አውርዱ፣ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሁለቱን የካፓሲተር ጫፎች እጀታው በተሸፈነ ካቻቢቴ አነካኩ፤ ከጠፋም በኋላ የያዘው ኤሌክትሪክ ይኖራል። ማታ ማታ ብቻ ፍጥነቱ የሚቀንስ ከሆነ ግን ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት በዚያው ሰዓት ሶኬት ላይ ቮልቱን ለኩ። ሰፈሩ ሁሉ በሚያበራበት ሰዓት 180 ከሆነ ችግሩ ከቬንትሌተራችሁ አይደለም።

ከአንድ ወር በኋላ ብሬከሩን አውርዳችሁ አንድ ጊዜ ውጡና የክንፎቹን ብሎኖች፣ ሁለቱን ፒኖችና መንጠቆውን እዩ። ክንፉ ላይ የተቀመጠውን አቧራም በዚያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ እኩል ያልሆነ አቧራም ያወዛውዘዋል።